የገበያው ጎመን እና የቤቱ ጎመን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር በሚገኘው የአቶ ፀሐዩ እርሻ ላይ ሰባት ኪሎ ከሩብ የሚመዝን አንድ ጥቅል ጎመን መገኘቱን ለክቡራን አንባብያን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሚዛኑን የያዘው ዘካሪያስ የተባለ የአይሱዙ ሾፌር ሲሆን፣ ምስክሮቹ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ አንድ ውሻና እኔ ነበርን። ውሻው በሥነ ሥርዓቱ መሀል ጥሎን ሄዷል። ወንዙ በዚያ ሳምንት ሐምራዊ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል። ወንዝ ማለት ልብስ የሚቀይር ነገር ይመስለኝ ነበር። የእኛው ሰኞ ሰማያዊ ከለበሰ ሐሙስ ቀይ ይለብሳል፤ ለበዓል ሰሞን ደግሞ የጨርቅ ፋብሪካው ትእዛዝ ስለሚበዛበት በቀን ሦስቴ ይቀይራል። አንድ ቀን በሥዕል ክፍለ ጊዜ «ወንዝ ሣሉ» ስንባል ግማሹ ክፍል እጁን አውጥቶ «የየትኛው ቀን?» ብሎ ጠይቋል።

አባቴ ፀሐዩ በዚሁ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ እሱ ራሱ ስሙን ሦስት ጊዜ ስለቀየረ የትኛውን እንደምጠራም ግራ ይገባኛል። በሁለተኛው ስሙ ጊዜ አባቴ በቅነሳ ወጣ፣ የወንዝ ዳር መሬት ተከራየ፣ ጎመን ተከለ። ድሮ በእጁ የበጠበጠው ነገር ነውና፣ ወንዙን ከባቡር ሐዲዱ ላይ ቆሞ አይቶ የትኛው በርሜል እንደተደፋ ይናገር ነበር።

«ዛሬ ቁጥር አራት ናት» ይላል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ።

«ዝም በል፣ ልጅቷ ትሰማለች» ትለዋለች እናቴ አቻምየለሽ።

እኔ ታዲያ አባቴ እንደ ሽማግሌ ሟርተኛ ከወንዙ ጋር የሚነጋገር፣ እናቴ ደግሞ ምስጢሩን የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛው ትክክል ነው።

ሁለት ጓሮ ነበረን። አንዱ «የገበያው» ይባላል። ከሐዲዱ ሥር ጀምሮ እስከ ወንዙ ከንፈር የሚወርድ ሰፊ ነው፤ የውሃ ሞተር ወንዙን እየሳበ በጎማ ያጠጣዋል። ቆስጣው እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ ሰላጣው እንደ ሙሽራ ቀሚስ ይነሰነሳል። ሌላው «የቤቱ» ነው። ከማድ ቤታችን ጀርባ ሁለት አልጋ የሚያክል ቦታ ላይ የበቀለ፣ የቀጨጨ፣ ትል እንደ ወንፊት የበሳሳው። ይህንን የምናጠጣው እናቴና እኔ ነን፤ ከቦኖ፣ ተሰልፈን፣ በቢጫ ጀሪካን። ነገሩ አይገባኝም ነበር። ያ ዘናጭ ከደጁ በነፃ ይጠጣል፤ ይህ ችጋራም በግዢ ውሃ ይንቀባረራል።

የገበያው ላይ ትል አይወጣም ነበር። ትልም ደረጃውን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር።

የቤታችን ሕግ አንድ ነበር፦ ከገበያው አይበላም። ሌላው ሁሉ ይማለድበታል፤ ለምሳሌ ያለ ጫማ መውጣት፣ እየጎረሱ መናገር። ይኼኛው ግን አይማለድበትም። አንዴ ካሮት ነቅዬ በቀሚሴ ጠርጌ ልነክስ ስል እናቴ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ አፌን በእጇ ዘጋችው።

«ለምንድነው የማንበላው?»

«እሱ የሰው ነው።»

«እኛስ?»

ካሮቱን ቀምታኝ ሄደች። መልሱን ራሴ ደረስኩበት። ዓለም በሁለት ይከፈላል፤ የገበያውን የሚበሉ አሉ፣ የቤቱን የሚበሉ አሉ። እኛ ድሆች ስለሆንን ቆንጆውን ለታላላቅ ሰዎች እናመርታለን፤ ለራሳችን ግን ትል የተረፈውን እንለቅማለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘካሪያስ አይሱዙውን ጭኖ ወደ ሳሪስ ሲወጣ ከኋላው ቆሜ እያየሁ፣ በዚያ ማዶ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ የእኛን ቆስጣ በሹካ የሚጎርሱትን ሰዎች እጠላቸው ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ አብዮተኛ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ከብሎካችን ሥር ሰላጣ የምትሸጥ ልጅ አለች። «ከየት ነው?» ስላት «ከዝዋይ ነው የኔ እህት» ትለኛለች። ከሌሎቹም ጠይቄ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከዝዋይ ያልመጣ ሰላጣ አላጋጠመኝም። ዝዋይ ስንት ሄክታር ቢሆን ነው እያልኩ እገዛለሁ።

ያኔ ሳሪስ ካሉት ሰዎች ፊቷን የማውቀው አንዷን ብቻ ነበር። ሐጀራ ትባላለች። ሳሪስ ምሳ ቤት አላት። በሌሎች ነጋዴዎች እጅ መግዛት ስለማትወድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘካሪያስ ጎን ጋቢና ተቀምጣ ትመጣና መደቡ ውስጥ ገብታ ራሷ መርጣ ታስቆርጣለች። ሳቋ ከሰውነቷ ይበልጣል። ለእኔ ብስኩት፣ ለእናቴ ሳሙና፣ ለአባቴ ወሬ ይዛ ትመጣለች። እኩያዬ የሆነች ልጇን ናዕማን ታመጣትና እኔና እሷ በማዳበሪያ ክምር ላይ እንንሸራተታለን።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ ምን እያጠጡት ነው እንዲህ የሚወፍረው?» ትላለች ቆስጣውን አቅፋ።

«ውሃ» ይላል አባቴ።

«ወላሂ እኔም ከዚህ ውሃ ልጠጣ መሰለኝ!»

ዘካሪያስ ብቻ ነበር የሚስቀው። እሱ ሳቁን አያቋርጥም፤ ቤታችን ምሳ ሲጋበዝ ግን ሳይቀመጥ «እትዬ አቻም፣ ከየትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ከቤቱ» ስትለው እጅጌውን ሰብስቦ ይቀርባል። ትሑት ሰው ነው እል ነበር፤ ቆንጆውን ጭኖ እየዋለ ከእኛ ጋር ቀጫጫውን የሚበላ።

ሰባት ኪሎ ከሩቡ ጎመን እንግዲህ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በአስተማሪዬ በኩል ነው።

ቲቸር ፍቅርተማርያም የሳይንስ አስተማሪያችን ነበረች። በስድስት ዓመት ትዳሯ የመጀመሪያውን አርግዛለች። ይህንን መላው ትምህርት ቤት ያውቃል፤ ጥበቃው ጭምር «ቀስ በይ፣ ደረጃው ያዳልጣል» ይላታል። ሐኪም ደምሽ አንሷል፣ ቅጠላ ቅጠል አዘውትሪ ስላላት አባቴ በየሳምንቱ ዓርብ ከቤቱ ጎመን ቆርጦ በጋዜጣ ጠቅልሎ በእኔ እጅ ይልክላት ነበር። ጥቅሉን ሳስረክብ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያን የሚያክል እርሻ ያለው ሰው ለእርጉዝ አስተማሪ የሚልከው የተበሳሳ ቅጠል ነው? እሷ ደግሞ ጥሩ ሰው ስለሆነች «አባትሽን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» ትለኛለች። ስትለኝ ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ።

ያ ጎመን የተመዘነው ሐሙስ ነው። ዓርብ ጠዋት አባቴ የተለመደውን ጥቅል ሰጥቶኝ ወደ ሞተሩ ወረደ። እኔም ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ተመልሼ ጋዜጣውን ከነቅጠሉ በጋችን ፊት ጣልኩት። ደብተሮቼን ከማገዶ ሥር ደበቅኩ። ከዚያ ሰባት ኪሎ ከሩቡን በቦርሳዬ ከተትኩት፤ ዚፑ አልዘጋ ቢል በቀበቶ አሰርኩት። ትምህርት ቤት እስክደርስ አራት ጊዜ አረፍኩ። ጀርባዬ ተላጠ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጻድቅ ሆኜ አላውቅም።

ቲቸር ስታየው ጮኸች።

«አባትሽ ነው የላከው?»

«አዎ፣ ቲቸር። ምርጡን ስጫት ብሎ።»

የሚያሳዝነው፣ ቲቸር ፍቅርተማርያም ጎመኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ አስተማረችበት። ምግብ በሦስት ይከፈላል፦ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ። «ይህ የየትኛው ነው?» አለች በማስመሪያ እየነካችው።

«በሽታ ተከላካይ!» አልን ስልሳ ሰባት ሆነን።

«ለማን እናጨብጭብ?»

ለአባቴ አጨበጨቡለት። እኔ ቆሜ ተቀበልኩለት።

ማታ ቤት ገብቼ የሆነውን እንደ ድል አወራሁ። ጭብጨባው ጋ ስደርስ አባቴ የያዘውን ጎማ ጣለው። አባቴ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በቦቲ ጫማው፣ በሐዲዱ ላይ፣ እንጨት ከእንጨት እየዘለለ። ከኋላው ሮጥኩ። ጎመኑን ሊቀማት ነው፣ ብዬ አለቀስኩ። ስስታም ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሰስት አባት አለኝ።

ቲቸር የምትኖረው በሰቃ ከሚባለው ሠፈር መጀመሪያ ላይ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ጎመኑ መክተፊያ ላይ ነው፤ ቢላዋው መሃሉ ድረስ ገብቷል። ዘይት ተጥዷል። አባቴ ሰላም ሳይል ገብቶ ጎመኑን ከነቢላዋው አንሥቶ በብብቱ ሥር አደረገው።

«ምነው ጋሽ ፀሐዩ?»

«ይቅርታ መምህርት። ይሄ … ለሽያጭ ነው።»

«ውይ! እኔ እኮ እርስዎ የላኩት መስሎኝ! እከፍላለሁ፣ ስንት ነው?» ቦርሳዋን መፈለግ ጀመረች።

«አይደለም። ለሽያጭ ነው እንጂ ለመብላት አይደለም።»

ቲቸር ቦርሳዋን መፈለግ አቆመች። የሳይንስ አስተማሪ ናት። በመስኮቱ ወደ ታች አየች፤ ወንዙ በምሽት ብርሃን እንደ ጳጳስ ካባ ያብለጨልጫል። ቀጥላ ቅጠሉን አየች። ቀጥላ አባቴን።

«ከዚያ ነው?»

አባቴ ጎመኑን ወደ ጎኑ አጥብቆ ያዘው።

«እስካሁን የበላሁትስ?» ድምፅዋ ቀጠነ። «አራት ወር በየሳምንቱ!»

«እሱ የቤቱ ነው። ከቦኖ ነው። በልጄ እምላለሁ፣ የቤቱ ነው።»

ሄዳ እጇን ታጠበች። በሳሙና፣ ሁለቴ። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ በሩ ላይ ሆኜ፣ ለዚያ ጎመን ብላ ነው የምታለቅሰው፣ ብዬ አዘንኩላት፤ እጇን የታጠበችውም ከእንዲህ ዓይነት ክቡር ነገር ሲለዩ እንደሚደረገው መሰለኝ።

ልጇ በሰላም ተወለደ። ወንድ ነው፤ አሁን መሐንዲስነት እያጠና ነው፣ ቁመቱ ከበር ይበልጣል። ይህን አሁን የምናገረው አንባቢ እየተጨነቀ እንዳይቀጥል ነው፤ የሚያስጨንቀው ነገር እሱ ጋ አይደለምና።

አባቴ ጎመኑን ይዞ በወንዙ ዳር ተመለሰ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ውሃውን ብዙ ሰዓት ያየ መሰለኝ። ሊወረውረው ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልወረወረውም። ጠዋት ዘካሪያስ ሲጭን የተሰነጠቀውን አይቶ፦

«ፋዘር፣ ይሄ ደግሞ ምን ነካው? ተወጋ እንዴ?» አለ።

«ውጫዊውን ቅጠል ላጥለትና ጫነው» አለ አባቴ።

ቤት ውስጥ ግን እናቴ አላለፈችውም። ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትናገረው።

«ነገርካት?»

«አልነገርኳትም። ገባት።»

«ሳሪስ ያሉትስ ይገባቸዋል?»

«ሳሪስ ያሉት እኔን አያውቁኝም።»

«እና?»

«እኔም አላውቃቸውም።»

«ሐጀራን ታውቃታለህ።»

አባቴ ራዲዮ ከፈተ። እኔ ሳሪስ የማናውቃቸው ዘመዶች ያሉን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አባቴ ከዚያ በፊት ስለ ወንዙ አንድ ጊዜ ተናግሯል። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ፣ ከሳጥኑ ውስጥ የማመልከቻውን ቅጂ አግኝቼ ነው። ውሃውን የሚያይልኝ ይምጣ ብሎ በሦስት ኮፒ ጽፏል። ኮሚቴ መጣ፤ እንግዶቹን እኔም አስታውሳቸዋለሁ፤ አምስት ሰዎችና አንድ ካሜራ። ቀይ ቀን ስለነበር ወንዙ በጣም ያምር ነበር፤ አንደኛው ለብቻው ከወንዙ ጋር ፎቶ ተነሣ። እናቴ ምሳ አበላቻቸው፣ ከቤቱ። ሰብሳቢው «እንዲህ የሚጣፍጥ ጎመን በልቼ አላውቅም» ስላለ ቋጥረን ሰጠነው። የማመልከቻው መልስ በማኅተም የተመታ አንድ ቃል ነው፦ «ታይቷል።»

ከቲቸር ቀን በኋላ በቤታችን የሆነው ነገር ግን ለኮሚቴ የሚቀርብ አልነበረም። ቲቸር ለማንም አልተናገረችም። ለዳይሬክተሩ ብቻ ነገረችው፤ ባለቤቱ ታማሚ ስለሆነች። ዳይሬክተሩም ለማንም አልተናገረም፤ ለወንድሙ ብቻ። ወንድሙ ለአለቃው። እያንዳንዱ ወደ ቤታችን ሲመጣ አካባቢውን ገልመጥ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ጋሽ ፀሐዩ፣ ከዚያ ከቤቱ ትንሽ ይኖራል? ለማንም አልናገርም» ይላል።

«አትናገር» ይላል አባቴ፣ ይሰጠዋል።

ማንም የገበያውን ለምን እንደማይበላ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የቤቱ መቼ እንደሚደርስ ነው። ዓርብ ዓርብ ከማድ ቤታችን ጀርባ የአቃቂ ታላላቅ ሰዎች በየተራ ብቅ ማለት ጀመሩ። የአጥቢያው ሰባኪ ዘንቢል ልኳል። የኮሚቴውን ሰብሳቢ የሚያውቅ አንድ ሐኪምም መጣ። አንድ ጊዜማ የፋብሪካው ኢንጂነር እንኳ ሾፌሩን በመኪና ላከ፤ ሾፌሩ «ኢንጂነሩ ከቤቱ ነው ያሉት፣ እንዳይቀያየር» አለ። አባቴ ያን ቀን ብቻ ነው የሳቀው፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተቋረጠ።

የቤቱ ጓሮ ሁለት አልጋ ከሚያክል አራት፣ ከአራት ስድስት ሆነ። ጀሪካኑም አብሮ አደገ። ቦኖ ላይ ሰልፍ እየጠበቅኩ ፅንሰ ሐሳቤን ማሻሻል ግድ ሆነብኝ። ተሳስቼ ነበር። ታላላቆቹ የሚፈልጉት ቀጫጫውን ነው። ስለዚህ ቀጫጫው መድኃኒት ነው፤ የተማረ ሰው ብቻ የሚያውቀው መድኃኒት። አባቴ ሸሽጎት ኖሮ ቲቸር ደረሰችበት። ከዚያ ወዲያ ጀሪካኑ ቀለለኝ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ናዕማ ቅዳሜ ስትመጣ እናቴ ሁልጊዜ ከቤቱ ካሮት አጥባ በእጇ ትሰጣት ነበር። ልጅቷ ከገበያው መደብ አንዳች ነገር ስትነቅል ካየቻት ደግሞ «ነይ የኔ እናት፣ ይሄ ይሻልሻል» ብላ ትቀይርላታለች። በምታውቀው ልክ አደረገች ልበል። ናዕማ ግን ሳምንቱን በሙሉ የምትበላው ሳሪስ ነበር።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐጀራ መጣች። ወንዙ አረንጓዴ ነበር። ስምንት ማዳበሪያ አስቆርጣ፣ ዘካሪያስ እየጫነላት፣ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ጭቃ ትፍቃለች። ናዕማ አጠገቧ ናት። እኔ በእውቀቴ ተጨንቄ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አውቆ ለሚወዱት ሰው አለመናገር እንደ ኃጢአት ከበደኝ።

«እትዬ ሐጀራ፣ የቤቱ ጎመን እኮ መድኃኒት ነው።»

«የቱ?»

«ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው። የተማሩ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚበሉት። ቲቸርም፣ ሐኪሙም፣ ኢንጂነሩም ይወስዳሉ። አባዬ በገንዘብ አይሸጠውም።»

ሐጀራ ሳቀች። ተነሥታ ማድ ቤቱን ዞረች፤ የበሳሳውን ቅጠል አየች፣ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች አየች። ስትመለስ ሳቋ ግማሽ ሆኖ ነበር።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ ከዚያኛው ለእኔም ይቁረጡልኝ እንጂ።»

«ከየትኛው?»

«የተማሩ ሰዎች ከሚበሉት።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ገላምጦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያየኝ ግን አንድ ነገር እንደምለምነው ወይም እንደሚለምነኝ ነበር።

«እሱ አይሸጥም፣ ሐጀራ።»

«ለመምህርቷስ?»

«ዝም ብዬ ነው የምሰጣት።»

«ለኢንጂነሩ?»

«እሱም።»

«ለኢንጂነር ዝም ብሎ ይሰጣል፣ ለሐጀራ በገንዘብም የለም?» አሁንም ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረች ነው። «ስድስት ዓመት፣ በዝናብ በጭቃ! ሌላ ሰው ጋ ሄጄ አውቃለሁ? አራት ልጅ እኮ በእርስዎ ጎመን ነው ያሳደግኩት፣ ጋሽ ፀሐዩ!»

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ዘካሪያስ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆመ። እናቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ብቅ ብላ፣ እጇን በቀሚሷ እያበሰች፣ አባቴን ብቻ ታያለች።

«ፀሐዩ» አለች ቀስ ብላ።



«እኔ ጉድለቴ ምንድነው?» አለች ሐጀራ። አሁን አትስቅም። «አለመማሬ ነው? ወይስ ሃይማኖቴ ነው? ይንገሩኝ፣ አልቀየምም። ቤታችሁ ስገባ እኮ እንደ እህት ነው የምገባው።»

«እንዴ! ሐጀራ! ምን ነክቶሻል? በፍጹም!» አባቴ እጁን አነሣ፣ እንደገና አወረደው። «በፍጹም እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

 በትክክል አስታውሳለሁ፤ አባቴ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። እኔ ደግሞ፣ አሁን ሊነግራት ነው፣ መድኃኒት መሆኑን ሊነግራት ነው፣ ብዬ በደስታ ናዕማን ክንዷን ያዝኳት።

አባቴ ማጭዱን አንሥቶ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ሄደ። ተከተልነው። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ መቁረጥ ያዘ። የቲቸርን መደብ ቆረጠ። የሐኪሙን ቆረጠ። የሰባኪውን፣ የዳይሬክተሩን፣ የኢንጂነሩን ቆረጠ። ካሮቱን ከነአፈሩ ነቀለ። የእኛንም የሳምንት ድርሻ አልተወም። ምድሩ ባዶ እስኪሆን አላቆመም፤ እናቴም አላስቆመችውም። ዘንቢሉን ጠቅጥቆ ሞልቶ መጥቶ ሐጀራ እግር ሥር አስቀመጠው። ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ይሄ ለልጆችሽ ነው።»

«ይሄን ሁሉ?»

«በየሳምንቱ እሰጥሻለሁ። ገንዘብ አልፈልግም። ልጆችሽ ከዚህ ይብሉ። አንቺም ከዚህ ብዪ።»

ሐጀራ ወደ ዘንቢሉ አየች። ቀና ብላ አይሱዙው ላይ ወደ ተደረደሩት ሰባት ማዳበሪያዎች አየች፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ውሃ የሚያንጠባጥቡ።

«ያኛውስ?»

«እሱ ለምሳ ቤትሽ ነው።»

ናዕማ ከዘንቢሉ ካሮት አወጣች። ሐጀራ እጇን ያዘቻት፤ አላስጣለቻትም፣ እንድትበላም አልለቀቀቻትም።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ ይሄ ለልጆቼ፣ ያ ለሰው። ለምን?»

አባቴ ወደ መኪናው ሄደ። ዘካሪያስ ትከሻ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ማዳበሪያ ተቀብሎ ራሱ ጫነው። ገመዱን ወረወረ፣ በወዲያኛው በኩል ዞሮ ሳበው፣ አሰረው።

«ለምን ጋሽ ፀሐዩ? በአላህ፣ ለምን?»

«አትጠይቂኝ፣ ሐጀራ» አለ አባቴ፣ ገመዱን እያጠበቀ። «አልናገርም።»